ጥለቱ ብቻ በቀለሙ ይቆይ፦ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አንድ ቀለም የማቆየት አሠራር

በወር በ23 ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ቅዳሴ ሲያልቅ በሩ ነጭ ያፈሳል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታ፣ እንደገና ነጠላ። ከዚያ ሁሉ ነጭ መሀል ዓይን የሚይዘው ጥለቱ ነው። አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ወርቃማ፣ አንዳንዴ ስፋቱ ከጣት የማይበልጥ።

ይህን ነገር በፎቶ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ደክሜያለሁ። በሙሉ ቀለም ሳነሳው ከኋላ ያለው የታክሲ ሰማያዊ፣ የሱቁ ማስታወቂያ፣ የአንዱ መንገደኛ ቢጫ ጃኬት ጥለቱን ይውጡታል። ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ደግሞ ጥለቱ ራሱ ግራጫ መስመር ሆኖ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ጥለቱን ብቻ በቀለሙ ማቆየት ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ የማሳያችሁ እሱን ነው። ለዚህ ስልክ ይበቃል። ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ ሥራው ይጠራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቀለም ፊልም በየፎቶ ቤቱ ሳይገባ በፊት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አትሞ ከንፈርና ጉንጭን በቀጭን ብሩሽ መቀባት የታወቀ ሥራ ነበር። አያቶቻችሁ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከንፈሩ ቀይ፣ ጉንጩ ሮዝ፣ የቀረው ግራጫ ነው። እነሱ ቀለም ይጨምሩ ነበር፤ እኛ እንቀንሳለን።

መጀመሪያ ቀለሙን ምረጡ

የዚህ ዘዴ ስም ትንሽ ተበላሽቷል። ያበላሸው የሠርግ አልበም ነው። ሙሽሮቹ ግራጫ፣ እቅፍ አበባው ደማቅ ቀይ። አንድ ሰሞን የገባሁበት ቤት ሁሉ አልበሙ እንዲህ ነበር። የእህቴም ጭምር። ዛሬም አልበሟን ስንከፍት ሁላችንም መጀመሪያ የምናየው አበባውን ነው። የእሷን ፊት ፈልገን ነው የምናገኘው። አበባው ደግሞ ለአንድ ቀን የተከራየ የላስቲክ አበባ ነበር።

ስለዚህ ኤዲት ማድረጊያውን ከመክፈታችሁ በፊት ለምን ያ ቀለም እንደሚቆይ እወቁ። እኔ የምፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። ፎቶውን ስልኬ ላይ እከፍትና በቀለሙ ሊቆይ ያሰብኩትን ነገር በአውራ ጣቴ እሸፍነዋለሁ። ፎቶው ያለ እሱ ምንም ካልጎደለው ቀለም አይገባውም። በአውራ ጣት የማይሸፈን ትልቅ ነገር ከሆነም እተወዋለሁ። ግማሽ ፎቶ ባለ ቀለም፣ ግማሹ ግራጫ ሲሆን ሥራው ያላለቀ ይመስላል።

ሌላው የማየው ያ ቀለም በፎቶው ውስጥ ሌላ ቦታ መደገሙን ነው። ከተደገመ ሥራችሁ ይበዛል፤ ምክንያቱን የታክሲውን ፎቶ ስነግራችሁ ታዩታላችሁ።

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ሱቅ በደረቴ የያዘ ልጅ አስቡት። ማስቲካው፣ ከረሜላው፣ ሶፍቱ ሁሉ ደረቱ ላይ በአንድ ካርቶን ተሰብስቧል፣ ከዚያ ውጪ ያለው መንገድና ግንብ ነው። የመንገድ ዳር ቡና ላይ ጀበናው ጥቁር ነው፣ ከሥሩ ፍሙ ቀይ። ይህ ፎቶ ግማሽ መንገዱን ራሱ ሄዶ የጠበቃችሁ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ታስራ ትሸጣለች። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ አንዲት ቀይ ጃንጥላ በቂ ናት። የምኒልክ ሐውልትን ግን ለዚህ አትልፉበት። ነሐስ ነው፣ የሚቆይ ቀለም የለውም። በሙሉ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያምረው።

ስታነሱ

ሁልጊዜ በቀለም አንሱ። ብዙ ስልኮች ካሜራቸው ላይ የጥቁርና ነጭ ማጣሪያ አላቸው፤ አትንኩት። እንዳይመለስ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ የሄደ ቀለም አይመጣም።

የአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ለነጠላ ጠላት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ብርሃኑ ስለት አለው። ነጩ ልብስ ይቃጠልና ሽመናው ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አንሱ፣ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ። ደመና ካለ ሰዓቱ ብዙም አያስጨንቅም። ስልኩ ላይ ነጠላውን በጣታችሁ ንኩና የፀሐይ ምልክቷ ስትመጣ ትንሽ ወደ ታች ጎትቷት። ፎቶው ቢጨልም አትደንግጡ። የጨለመ ይነሳል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም።

ሰው ስታነሱ ጠይቁ። አንድ የ23 ጠዋት ደረጃው ላይ አረፍ ያሉ እናት አየሁ። የነጠላቸው ጥለት ወይን ጠጅ ሆኖ መሀሉ በወርቃማ ክር ተሰብሯል።

«እማማ፣ ጥለቱ በጣም ያምራል። ላንሳዎት?»

«ነጠላዬን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

ሳቁና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ በስልኬ ቶሎ ቶሎ ሠራሁትና አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩትና፦

«እኔን አመድ አስመስለህ ነጠላዬን ሙሽራ አደረግኸው!»

እውነታቸውን ነበር። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። ዓይናችን የቆየው ቀለም ላይ ይሆንና ግራጫውን እንረሳዋለን።

ግራጫው ራሱ ሥራ ይፈልጋል

ቀለም ወደ ግራጫ ሲቀየር ማሽኑ ሁሉንም ቀለም እኩል አይመዝንም። የሰው ዓይን አረንጓዴን ከሌላው አብልጦ ብሩህ አድርጎ ያያል፣ ሰማያዊን ደግሞ ጨለማ አድርጎ። ስሌቱም ይህን ይከተላል። በተለመደው አንዱ ቀመር ከ100 እጅ አረንጓዴ ወደ 59፣ ቀይ ወደ 30፣ ሰማያዊ ወደ 11 ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ቢጫ ነገር ፈክቶ ይወጣል፣ ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ ይጠቁራል። ቀይ ሹራብና ጠቆር ያለ አረንጓዴ በር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊጋጩ ይችላሉ።

ፊታችንስ? የጠይም ፊት ቀለም ውስጥ የሚበዛው ቀይና ብርቱካናማ ነው። የቀይን ድርሻ ከፍ ስታደርጉ ፊት ይፈካል፣ የሰማያዊን ከፍ ስታደርጉ ይጠቁራል። የእማማ ፊት አመድ የሆነው እኔ ቸኩዬ ማሽኑ የሰጠኝን ግራጫ እንዳለ ስለተቀበልኩ ነው። ቤት ገብቼ የቀይ ማጣሪያ ሳደርግበት ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ተመለሰ፣ ከኋላቸው ያለው ሰማይም ጠቆር ብሎ ነጠላቸውን አወጣው። ጥለቱን ገና ሳልነካው ፎቶው ሌላ ፎቶ ሆነ።

በስልክ

እኔ የምጠቀመው ስናፕሲድ ነው። ጉግል የሠሪውን ኩባንያ በፈረንጆቹ 2012 ገዝቶት የእሱ ሆኗል። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። የአዝራሮቹ ቦታና ስም እንደ ስሪቱ ሊለይ ይችላል፣ ሥራው ግን ይሄ ነው።

1. ፎቶውን ክፈቱና ከመሣሪያዎቹ መሀል «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለውን ንኩ። ከታች ካሉት ምልክቶች የቀለም ማጣሪያውን ፈልጉና ቀዩን ወይም ብርቱካናማውን ሞክሩ። ፊቱን እያያችሁ ምረጡ። ከዚያ ራይት ምልክቷን ንኩ።

2. አሁን ፎቶው ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ከላይ የተደራረበ ወረቀት የምትመስለውን ምልክት ንኩና «ቪው ኤዲትስ» ውስጥ ግቡ። እስካሁን የሠራችሁት በዝርዝር ይመጣል። «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለውን ስትነኩ ከሚወጡት ምልክቶች ብሩሿን ምረጡ።

3. ፎቶው እንደገና ባለ ቀለም ሆኖ ይመጣል። አትደናገጡ፣ አልጠፋም። አሁን ብሩሹ በነካበት ቦታ ብቻ ነው ግራጫው የሚሠራው። ቁጥሩን 100 ላይ አድርጉና በቀለሙ እንዲቆይ የምትፈልጉትን ነገር፣ ጥለቱን ብቻ፣ በጣታችሁ ቀቡት። አዎ፣ የተገላቢጦሽ ነው። ጥለቱ ግራጫ ሆኖ ሌላው ባለ ቀለም ይሆናል።

4. የመገልበጫዋን ምልክት ንኩ። ቦታ ይቀያየራሉ። ጥለቱ በቀለሙ፣ ሌላው ሁሉ ግራጫ።

መጀመሪያ ሁሉንም ግራጫ አድርጎ በ0 ጥለቱን መክፈትም ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ቀብቶ መገልበጡን እመርጣለሁ፤ የዓይን ምልክቷን ስትነኩ የቀባችሁት ቦታ በቀይ ስለሚታይ ያመለጣችሁን ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ስናፕሲድ ላይ የብሩሹን መጠን የምትቀይሩበት ቦታ የለም። ዘዴው ፎቶውን በሁለት ጣት ማቅረብ ነው። ባቀረባችሁት ቁጥር ብሩሹ ለፎቶው ቀጭን ይሆናል። ጥለት ላይ ስሠራ የአንድ ዓይን ያህል ቦታ ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ነው የማቀርበው። ጊዜ ይወስዳል፣ አንገትም ያማል። ማኪያቶ ይዛችሁ ካፌ ጥግ ተቀመጡ፤ ታክሲ ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ጠርዙ

ይህ ዘዴ የሚጋለጠው ጠርዝ ላይ ነው። ከጥለቱ አልፋችሁ ነጩን ጨርቅ ብትነኩት «ነጭ አይደል፣ ምን ችግር አለው» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ልብስ ግን ነጭ አይደለም፤ የሰማዩን ሰማያዊ ይቀበላል። በሙሉ ቀለም ስናየው አይታወቀንም፣ ጭንቅላታችን ነጭ ብሎ ያልፈዋል። ዙሪያው ግራጫ ሲሆን ግን በጥለቱ ጠርዝ ላይ የሰማያዊ ጭስ የመሰለ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ስሩ። ጥለቱ በአንድ ክር ቢጠብ ማንም አያውቅባችሁም፣ በአንድ ክር ቢሰፋ ግን ያስታውቃል።

በተቃራኒው ደማቅ ጨርቅ ፊት አጠገብ ካለ ቀለሙን አገጭ ላይ ይጥላል። ቀይ ሻርፕ አስቡ። ሻርፑ በቀለሙ ቆይቶ አገጩ ድርቅ ያለ ግራጫ ከሆነ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። እዚያ ቦታ ላይ ግራጫው ከ100 ይልቅ 75 ያህል ብቻ እንዲሠራ አድርጉ። ሽግግሩ ይለሰልሳል።

የክር ጫፍ፣ ጸጉርና ዘርፍ ላይ ፍጹም ለመሆን አትሞክሩ። ጫፋቸው ላይ ግራጫው በግማሽ፣ በ50፣ ይሥራና ይብቃችሁ።

በላፕቶፕ

ፎቶሾፕ ያላችሁ «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለውን የማስተካከያ ሌየር (ከፎቶው ላይ የሚነጠፍ ንብርብር) ጨምራችሁ ማስኩ ላይ፣ ማለትም ሌየሩ የት እንደሚሠራ በሚወስነው ሽፋን ላይ፣ ጥለቱን በጥቁር ብሩሽ ቀቡ። እዚያው የቀይ፣ የቢጫ፣ የአረንጓዴ፣ የሰማያዊ እያለ መቆጣጠሪያ ስላለው ግራጫውንም በፈለጋችሁት መንገድ ታስተካክላላችሁ። ይኸው ነው።

ለቀሪዎቻችን ጊምፕ አለ። ነጻ ነው፣ ደከም ባለ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል። ፎቶውን ከፍታችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲን አንድ ላይ ተጫኑ። ሌየሩ ይባዛል። የላይኛውን እንደመረጣችሁ «ከለርስ» ውስጥ «ዲሳቹሬት» በሉት። አሁን ከላይ ግራጫ ሌየር፣ ከሥር ባለ ቀለም ሌየር አላችሁ። ግራጫው ላይ በቀኝ ተጫኑና «አድ ሌየር ማስክ» ብላችሁ ነጩን ምረጡ። ማስኩ ላይ በጥቁር ስትቀቡ ግራጫው ይበሳና ከሥር ያለው ቀለም ይታያል። ከተሳሳታችሁ በነጭ ትደፍኑታላችሁ። የኤክስ ፊደል ጥቁሩንና ነጩን ያቀያይራል፤ ሁለቱ የማዕዘን ቅንፎች ብሩሹን ያሳንሳሉ፣ ያተልቃሉ።

ሁለት ጊዜ የወደቅኩበትን ጉድጓድ ልንገራችሁ። «ኢሜጅ» ውስጥ ገብታችሁ «ሞድ»ን «ግሬይስኬል» እንዳታደርጉ። እሱ አንዱን ሌየር ሳይሆን ሙሉ ፋይሉን ነው ቀለም አልባ የሚያደርገው። ከዚያ በኋላ ማስኩን ብትቀቡት ብትቀቡት ከሥር የሚወጣው ግራጫ ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት።

አቋራጩና የታክሲው ፎቶ

ያለ ብሩሽም ይሠራል። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ላይ ስምንት ቀለማት ለየብቻቸው መቆጣጠሪያ አላቸው። ከአንዱ በስተቀር የሁሉንም ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ወደ ታች ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እኔም በዚህ ተማምኜ ፒያሳ ላይ ሚኒባስ አነሳሁ። በሩ ተከፍቶ ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጣራል። ሰማያዊውን ብቻ አቆይቼ ሌላውን አጠፋሁ። ታክሲው በሰማያዊነቱ ቆየ። ሰማዩም ቆየ። የረዳቱ ጂንስ፣ የግንባታው ሸራ፣ ከኋላ ያሉት አራት ታክሲዎችም ቆዩ። አቋራጩ ቀለም እንጂ ዕቃ አያውቅም። አዲስ አበባ መሀል ላይ ደግሞ ከሰማያዊ የበለጠ የተደጋገመ ቀለም ፈልጋችሁ አታገኙም።

እንዲህ ሲሆን ሁለቱን አጣምሩ። በአቋራጩ አብዛኛውን አጥፉና ፎቶውን ወደ ስናፕሲድ ውሰዱት። «ብረሽ» ከሚለው ውስጥ «ሳቹሬሽን»ን መርጣችሁ ቁጥሩን ከዜሮ በታች 10 አድርጉ፤ የተረፉትን ሰማያዊዎች እስኪገረጡ ድረስ ደጋግማችሁ አሹ። ቀይ ጃንጥላ ወይም ቢጫ አደይ ከሆነ ግን አቋራጩ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብርቱካናማ ነገር ላይ ተጠንቀቁ፤ የሰው ፊትም አብሮ ይቆያል።

ጉግል ፎቶስ ላይ ያለው «ከለር ፖፕ» የሚባለው ሰውየውን ከነልብሱ በቀለሙ ትቶ ጀርባውን ግራጫ ያደርጋል። ለጥለት አይሆንም።

ሲያልቅ

ግራጫ የከበበው ቀለም ከነበረው በላይ ደምቆ ይታያል። ስለዚህ ከመጨረሳችሁ በፊት የቆየውን ቀለም ሳቹሬሽን ትንሽ ቀንሱት። ደብዘዝ ያለ ከመሰላችሁ ስልኩን አስቀምጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስታስቀምጡ ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ለቀለም መረጃ ከብርሃን ያነሰ ቦታ እንደሚሰጥ አስታውሱ። ቀጭን የጥለት መስመር ላይ ቀለሙ ወደ ግራጫው ይፈስሳል። ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጊምፕ ላይ ደግሞ ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል ለብቻው ያዙ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ያን ሁሉ ሰዓት የለፋችሁበት ጠርዝ ይቀልጣል።

ማሳተም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አንድ ትንሽ፣ 10 በ15፣ አሳትማችሁ እዩ። ግራጫው የሚታተመው በቀለሞቹ ድብልቅ ስለሆነ ማሽኑ በደንብ ካልተስተካከለ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያጋድላል። ሙሉ ባለ ቀለም ፎቶ ላይ የማይታወቅ ነገር እዚህ ያስታውቃል። አንድ ፎቶ ቤት ሳልሞክር ትልቅ አሳትሜ እማማ በአመድ ፈንታ አረንጓዴ ሆነው መጡ። ሠራተኛው «ፋይልህ ነው» አለኝ፣ እኔ «ማሽንህ ነው» አልኩት፣ ገንዘቡ ግን የኔ ነበር። ሌላ ቦታ ትንሹን አስቀድሜ አይቼ ትልቁን አሳተምኩ።

በሚቀጥለው 23 ይዤላቸው ሄድኩ። እዚያው ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ከዚያ ጥለቱን አዩ።

«አሁን እኔም አለሁበት» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት።